ለቅሶ ቤት ድረስ የወሰደኝ ሞደም

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ወላይታ ሶዶ በሚገኝ አንድ አገር በቀል የልማት ድርጅት በአይቲ ባለሙያነት ከተቀጠርኩ ሁለት ወር አልሞላኝም። የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ «ጀማሪ የአይቲ ባለሙያ» ይላል። እኔ ግን ራሴን ለሰው ሳስተዋውቅ «ኢንጂነር አስቴር» እል ነበር። ማን እንደሾመኝ አላውቅም። አንድ ቀን የሰርቨር ክፍሉ በር ላይ «ያለ ኢንጂነሯ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ፤ የቀደደው ሰው ስላልነበረ ሹመቱ በዚያው ጸደቀ። የሰርቨር ክፍል ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቀድሞ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ክፍል ናት።

ድርጅታችን ቦምቤ፣ ቢጠናና ቤሌ ላይ ቅርንጫፎች ነበሩት። ለጋሾቻችን ለየቅርንጫፉ አንድ አንድ ፋየርዎል ልከውልን ነበር። ፋየርዎል ለማያውቀው ሰው፣ በቢሮው ኮምፒውተሮችና በኢንተርኔቱ መካከል ተቀምጦ ገቢውንና ወጪውን የሚፈትሽ ጥቁር ሳጥን ነው። የሌሎቹ በሰላም ይሠራሉ። የቤሌው ግን አመል ነበረው። እዚያ ሌላ መስመር ስላልነበረ ሳጥኑ ኢንተርኔት የሚያገኘው ሲም ካርድ ከሚገባበት ትንሽ ነጭ ሞደም ነው። ታዲያ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሳጥኑ ይነሣና አጠገቡ በሽቦ የታሰረውን ሞደም አያየውም። «ሞደም አልተገኘም» ብሎ ይጽፋል። ቤሌ ደግሞ በዚያ ዘመን መብራት በቀን ሁለቴም ሦስቴም ይጠፋ ነበር።

ከእኔ በፊት ሁለት ባለሙያዎች ሄደው ሳይሳካላቸው ተመልሰዋል። አንድ ቀን የአስተዳደር ኃላፊያችን አቶ ደምሴ ቢሯቸው ጠሩኝና የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት እንደቀረው አስታወሱኝ። ቀጠሉና የቤሌን ሞደም ጉዳይ አነሡ። ሁለቱን ነገር እሳቸው አላያያዙትም፤ እኔ አያያዝኩት።

«ቀላል ነው፤ ግማሽ ቀን ይበቃኛል» አልኳቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ከሶዶ መናኸሪያ በቅጥቅጥ አውቶብስ ተሳፈርኩ። የላፕቶፕ ቦርሳዬን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ፣ አቧራውን በነጠላዬ እየተከላከልኩ ቤሌ ስደርስ ረፋዱ ላይ ነበር። የቅርንጫፉ ቢሮ አራት ክፍል ያላት ቆርቆሮ ቤት ናት። በሩ ላይ የተቀበሉኝ ዘበኛው አቶ አንጁሎ ነበሩ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ በዚያ ሙቀት ካፖርት የማያወልቁ ሰው ናቸው። «ሳሮ» ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝና ቦርሳዬን ሊቀበሉኝ ሲሉ ከለከልኳቸው።

ሳጥኑና ሞደሙ ኮሪደሩ ላይ ባለ የብረት ቁምሳጥን ውስጥ፣ አንድ ዲቫይደር ላይ ጎን ለጎን ተሰክተው ነበር። ሁለቱም ይሠራሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማን እንደሚያስነሣቸው ብጠይቅ አቶ አንጁሎ እሳቸው እንደሆኑ ነገሩኝ። እንዴት ብዬ ጠየቅሁ።

«እሷ መጀመሪያ ካልነቃች፣ እሱ ቶሎ ይጠራል» አሉ ወደ ነጩና ወደ ጥቁሩ እያመለከቱ። «ስለዚህ እኔ ሁለቱን ነቅዬ፣ መጀመሪያ እሷን እሰካለሁ፣ ጸሎት አደርጋለሁ፣ ከዚያ…»

ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። ጸሎት የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁና «ዘበኛው ለሞደሙ ይጸልያል» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። ሶዶ ስመለስ ምሳ ላይ ለባልደረቦቼ እንዴት አድርጌ እንደማወራው እያሰብኩ ነበር። አቶ አንጁሎ ጽፌ እስክጨርስ በትዕግሥት ቆዩ፤ ሙያቸውን መዝግቤ የያዝኩላቸው መስሏቸው ነበር።

ሥራ ልጀምር ስል ሲስተር መሠረት መጣች። የቅርንጫፉን የእናቶች ጤና ፕሮግራም የምትመራ አዋላጅ ነርስ ናት፤ በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ፈርጠም ያለች፣ ገጠር ለገጠር ሞተር ብስክሌት የምትነዳ ሴት። ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳንለዋወጥ ጉዳይዋን ነገረችኝ። ውጭ አገር ላለ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ነፃ የትምህርት ዕድል አመልክታ ለቃለ መጠይቅ አልፋለች። ቃለ መጠይቁ በኢንተርኔት፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ነው። ባለፈው የተቀጠረላት ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሞደሙ አልታይ ብሎ አለፈባት። ለምናቸው ሁለተኛ ቀጠሮ ሰጧት፤ ሦስተኛ እንደማይኖርም ጻፉላት። ሁለተኛው ቀጠሮ በማግሥቱ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

«ነገ ዘጠኝ ሰዓት ይሠራል ወይስ አይሠራም? ቁርጡን ንገሪኝ» አለችኝ።

«ሲስተር፣ አንቺ ፀጉርሽን ብቻ አስተካክለሽ ቁጭ በይ» አልኳት። ይህን ያልኩት ሳጥኑን ገና ከፍቼ ሳላየው ነው።

ላፕቶፔን ከሳጥኑ ጋር አገናኝቼ የሚቀያየር ነገር ሁሉ ቀያየርኩ። ፕሮግራሙን አደስኩ፤ ምን እንደሆነ ዛሬ የማላስታውሰውን አንድ ምርጫ ከ«አይ» ወደ «አዎ» አዞርኩ። ከዚያ ሳጥኑን ከላፕቶፔ ላይ ሆኜ ጠፍቶ እንዲነሣ አዘዝኩት። ሞደሙን አገኘው። ደገምኩ፤ አገኘው። አሥር ጊዜ አስነሣሁት፣ አሥር ጊዜም አገኘው። ከወንበሬ ተነሥቼ ወገቤን ያዝኩ። ከእኔ በፊት የመጡት ሁለቱ ምን ሲሠሩ እንደዋሉ ገረመኝ።

ለአቶ ደምሴ ደውዬ ችግሩ ከሥሩ መነቀሉን ነገርኳቸው። «ጎበዝ ኢንጂነር» አሉኝ። ከኃላፊ አፍ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። በዚያ ሞቅታ ቁምሳጥኑን ቆለፍኩ፤ ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ የለመድኩትን ወረቀት በሩ ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ አቶ አንጁሎን ጠርቼ ከዛሬ ጀምሮ ይህን ዕቃ እንዳይነኩ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራሱ እንደሚነሣ፣ ጸሎቱም እንደማያስፈልገው ነገርኳቸው። ይህን ስል ፈገግ ብዬ ነበር፤ ፈገግታዬን ዛሬም ድረስ እጠላዋለሁ።

አቶ አንጁሎ ቁልፉን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ። «ሎኦ» አሉ፤ በወላይትኛ መልካም ማለት ነው። አያይዘውም ጎረቤታቸው አቶ ላሊሞ ስላረፉ ነገ ለቅሶ ላይ መዋል እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ሂዱ፣ እዚህ የሚያስፈልጉበት ነገር የለም አልኳቸው።

ሲስተር መሠረት ቤት አደርኩ። እራት ቦይና የሚባለውን የጎደሬ ቅቅል በሚያቃጥል የቃሪያ ዳታ አቀረበችልኝና በላይ በላዩ በእንግሊዝኛ እንድጠይቃት አደረገችኝ። ይህን ትምህርት ለምን ፈለግሽ ስላት በእንግሊዝኛ የሸመደደችውን ተወችውና በአማርኛ ነገረችኝ። ከቆላው ቀበሌ በቃሬዛ ተጭነው የሚመጡ እናቶች አሉ። አንዳንዶቹ የሚደርሱት እሷ ከተማረችው በላይ እውቀት ሲያስፈልጋቸው ነው። «እጃቸውን ይዤ ሶዶ እስኪደርሱ መንገዱን ከእነሱ ጋር አምጣለሁ» አለች። ያኔ ነው መጀመሪያ ስለ ነገው የሰጋሁት። አሥሩን ጊዜ አስታወስኩና ተጽናናሁ።

በማግሥቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ጠፋ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ሥራዬ በሰው ፊት እንዲታይ ፈልጌ ነበር። ሲስተር መሠረት ከጓደኛዋ የተዋሰችውን ጥቁር ኮት ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ትንጎራደዳለች። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ መብራቱ መጣ። ቁምሳጥኑን እንደ መቅደስ በር በዝግታ ከፈትኩት።

«ሞደም አልተገኘም።»

ስህተት መስሎኝ ከላፕቶፔ አጥፍቼ አስነሣሁት። አልተገኘም። የዲቫይደሩን ማብሪያ ማጥፊያ ተጫንኩ፤ ሁለቱም ጠፍተው ሁለቱም በሩ። አልተገኘም። ሽቦ ቀየርኩ፣ ሲሙን አውጥቼ በቀሚሴ ጠርዝ ጠረግሁት፣ ትናንት ወደ «አዎ» ያዞርኩትን ወደ «አይ» መለስኩ። አልተገኘም። ዛሬ ይህን የምታነቡ ልጆች «በስልክሽ አታገናኛትም ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። የእኔም የእሷም ስልክ ባለ ቁልፍ ነበር፤ ያላቸው ትልቁ ጥበብ አናታቸው ላይ ያለች ባትሪ ናት። ሞደሙ ደግሞ ከጥቁሩ ሳጥን በቀር ከማንም ጋር እንዳይነጋገር ተደርጎ የተሠራ ነው።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሲስተር መሠረት ከኋላዬ መጥታ ቆመች። አልጮኸችም።

«አንጁሎ ምን ያደርግ ነበር?» አለችኝ።

«ይጸልያል» አልኳት።

«ታዲያ ጥሪው።»

ደወልኩ። ስልኩ ከውጭ፣ ከዘበኛ ቤቱ ጮኸ። አቶ አንጁሎ ቻርጅ ላይ ሰክተውት ሄደዋል። ሲስተር መሠረት ጥቁር ኮቷን እስከ አንገቷ ቆለፈችና ሞተሯን አስነሣች። ከኋላዋ ተፈናጠጥኩ። መንገዱ ጠጠርና አቧራ ነው። እየነዳች ወደ ኋላ ሳትዞር አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጠችኝ፦ «ድንኳን ውስጥ ስለ ኢንተርኔት አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። ሰው ሞቷል። ተቀምጠን፣ አልቅሰን፣ ከዚያ ነው የምንጠራው።»

ስንደርስ ድንኳኑ ሙሉ ነው። አቶ ላሊሞ በየሳምንቱ ሶዶ ገበያ ዝንጅብል ይዘው የሚሄዱ፣ አገር የሚያውቃቸው ሰው ነበሩ። አቶ አንጁሎ ከወንዶቹ መካከል፣ ድንኳኑ ጥግ ድረስ ገብተው ተቀምጠዋል። የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ዓለሚቱ ሴቶቹ መካከል አንገታቸውን ደፍተዋል። ሲስተር መሠረት ገብታ አቅፋቸው አለቀሰች፤ ታውቃቸዋለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ አልኩና ሰዓቴን አየሁ፤ ስምንት ሰዓት ከሃያ። ዓይኔን ወደ አቶ አንጁሎ ላክሁ። አዩኝና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑኝ። ለቅሶ ልደርስ የመጣሁ መሰላቸው።

እንግዲህ እዚያ ነው ነገሩ የተበላሸው። መጀመሪያ ለወጉ ያህል ዓይኔን ልጨምቅ ሞከርኩ። ወዲያው ሲስተር መሠረት በተዋሰችው ኮት ላይ ያረፈው አቧራ ታየኝ፤ በቃሬዛ የሚመጡት እናቶች ታዩኝ፤ ቀጥሎ የአቶ ደምሴ ፊት፣ ቀጥሎ የሥራ ስንብት ደብዳቤ፣ ቀጥሎ ትናንት ፈገግ ያልኩት ፈገግታ። እንባዬ ገነፈለ። ላቆመው ብል አልቻልኩም። «የእኔ ጥፋት ነው፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» እያልኩ ድምፅ አውጥቼ ተንሰቀሰቅሁ። ቀዝቅዞ የነበረው ድንኳን እንደ አዲስ ተነሣ። ሴቶቹ አብረውኝ አለቀሱ። አንዷ ንፍሮ የያዘ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ «የማን ናት?» ብላ ስትጠይቅ ሰማሁ፤ ሌላዋ «ከሶዶ ነው የመጣችው» አለች። ወይዘሮ ዓለሚቱ አንገታቸውን ቀና አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። እኔ ግን ያ እይታ ምን እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም።

ስምንት ከሠላሳ አምስት ላይ ሲስተር መሠረት አቶ አንጁሎን በዓይኗ ጠራቻቸው። ከድንኳኑ ኋላ ጉዳዩን በጆሮአቸው ነገረቻቸው። ቅር ይላቸዋል፣ ወይም ትናንት የተናገርኩትን ያነሱብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ካፖርታቸውን ቆለፉና ሞተሩ ላይ ወጡ። ሦስት ሆነን፣ እኔ መሀል ሆኜ ተመለስን።

ቢሮ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። አቶ አንጁሎ ሁለቱንም ከዲቫይደሩ ነቀሉ፤ ጥቂት ቆይተው ነጩን ሞደም ሰኩ። እጃቸውን ቁምሳጥኑ ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑና በወላይትኛ ጸሎት ጀመሩ። እኔ ያደግሁት ሶዶ ከተማ ነው፤ ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ቢሆንም ወላይትኛ እሰማለሁ። የሟቹን ቤት እንዲያጽናና፣ ልጆቻቸውን እንዲያስብ መለመን ሲጀምሩ ሰዓቴን አየሁ። አላስቻለኝም። ትንፋሽ ሲወስዱ ጠብቄ «አሜን» አልኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ የሚያበቃ ዓይነት አሜን።

አቶ አንጁሎ ዓይናቸውን ገለጡ። እንግዳ ነኝና አላሳፈሩኝም፤ ጥቁሩን ሳጥን ሰኩ። ጠበቅን።

«ሞደም አልተገኘም።»

ሲስተር መሠረት ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አቶ አንጁሎ ግን አልተደነቁም። «አጠረ» አሉ ብቻ። እንደገና ሁለቱን ነቀሉ፤ ነጩን ሰኩ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አሁን አፌን በእጄ ይዤ ቆምኩ። የሟቹን ቤት ጨረሱ። ለሲስተር መሠረት ምላሷ እንዲፈታ ለመኑ። ባሕር ማዶ ሆነው ለሚጠይቋት ሰዎች ቀና ልብ ለመኑ። ለመብራት ኃይል ሠራተኞች ለመኑ። ከዚያ «ለዚህች ልጅም ትዕግሥት ስጣት» አሉ። ልክ ይህን ሲሉ እኔ ዓይኔ ሞደሙ ላይ ነበር፤ ቀይ ስትርገበገብ የቆየችው መብራት አረንጓዴ ሆነች፤ ጥቂት ቆይታ ደግሞ ሰማያዊ ሆና ጸጥ አለች። አቶ አንጁሎ አሜን ብለው ጥቁሩን ሰኩ።

ሞደሙ ተገኘ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

ሲስተር መሠረት በነጠላዬ ጫፍ ፊቷን ጠርጋ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ጥቁር ኮት ለብሳ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ቅንድቧ ላይ አቧራ ይዛ ሲያዩዋት ጠያቂዎቹ መጀመሪያ ያሏት ደህና ነሽ ወይ ነበር። ከለቅሶ እንደመጣች ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ የሸመደደችውን ሁሉ ረስታ፣ ለእኔ ማታ የነገረችኝን ስለ ቃሬዛውና ስለ መንገዱ ስትነግራቸው በበሩ ስንጥቅ ሰማሁ። አቶ አንጁሎ ያን ሁሉ ጊዜ ቁምሳጥኑ አጠገብ ቆመው አንድ እጃቸውን ዲቫይደሩ ላይ አድርገው ነበር።

ሲያበቃ እሳቸውን ፈልጌ ዘበኛ ቤታቸው ሄድኩ። ጸሎቱ ለሞደሙ እንዴት እንደሚሠራ ሊያስረዱኝ ይችሉ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ግራ ተጋብተው አዩኝ።

«ለሞደም ማን ይጸልያል?» አሉ። «እሷ ለመንቃት ጊዜ ትፈልጋለች። እሱ ደግሞ እንደተነሣ ወዲያው ይጠራታል። ሳትነቃ ከጠራት ትደነግጣለች፣ ታኮርፋለች፤ ከዚያ ቢጠራት ቢጠራት አትመልስም። ስለዚህ መጀመሪያ እሷን አስነሥቼ እቆያለሁ። ሰው ዝም ብሎ ከሚቆም ይጸልያል። ትናንት ነግሬሽ ጻፍሽው አይደለም?»

ደብተሬን አውጥቼ አየሁ። የተጻፈው አንድ መስመር ነው፤ ከሥሩም ተሰምሮበታል። በፊታቸው ላነብላቸው አልቻልኩም።

እንግዲህ ለሙያው ሰው ነገሩ ይህ ነበር፦ ትናንት አሥር ጊዜ ያስነሣሁት ሳጥኑን ብቻ ነው። ሞደሙ ጠዋት በአቶ አንጁሎ እጅ ነቅቶ ተቀምጧልና ሲጠራ «አቤት» ይላል። መብራት ሲጠፋ ግን ሁለቱም አብረው ይሞታሉ፣ አብረው ይነሣሉ፤ ያን ጊዜ ጥሪው ሞደሙን በእንቅልፉ ላይ ያገኘዋል። በሽታውን ሳላይ ጤነኛውን አሥር ጊዜ መርምሬ ድኗል ብዬ ነበር። በማግሥቱ ሳጥኑ ሲነሣ ሞደሙን ከመጥራቱ በፊት ሁለት ደቂቃ እንዲታገሥ አዘዝኩት፤ አቶ አንጁሎ በተቀመጡበት ዲቫይደሩን አሥራ አምስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁ። አሥራ አምስቱንም ጊዜ ተገኘ። እሳቸው በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር።

ሶዶ ስመለስ፣ እንደ ዘመኑ ልማድ የእኛም መሥሪያ ቤት በየሦስት ወሩ የሚቀመጠው ግምገማ ደረሰ። አቶ ደምሴ በአንድ ቀን ችግር ከሥሩ የነቀለች ብለው ለአርአያነት ስሜን ጠሩ። ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮ ነገሩ በዚያው ያልፍ ነበር። ግለ ሂስ የሚባለው ነገር ሰው የማይጎዳውን ጥፋት መርጦ የሚናዘዝበት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን ተነሣሁና ሁሉንም ተናገርኩ፤ የተቆለፈውን ቁምሳጥን፣ ያልሰማሁትን ማብራሪያ፣ ድንኳኑን። አዳራሹ ሳቀ። አቶ ደምሴ አልሳቁም። ያልተረጋገጠ ሪፖርት በማቅረቤ በጽሑፍ አስጠነቀቁኝ፤ ማስጠንቀቂያው ላይ ግን ቋሚ ሠራተኛ መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ አያይዘው ሰጡኝ። ሁለቱንም በአንድ ፖስታ።

ታሪኩ እዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ አቶ አንጁሎ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ከብዷል። መንደሩ ውስጥ፣ አቶ ላሊሞ ሶዶ ላይ የደበቋት ልጅ አለቻቸው ተብሎ ይወራል አሉኝ። በየሳምንቱ ገበያ ይሄዱ የነበረው ለዝንጅብል ብቻ አልነበረም ተብሏል። ሽማግሌዎቹም ልጅቷ ከመሬቱ ድርሻ ይገባታል ወይስ አይገባትም እያሉ እየመከሩ ነው። ልጅቷ ማን እንደሆነች ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ገባኝ። «የእኔ ጥፋት ነው» እያልኩ ስንሰቀሰቅ ያዩኝ ሁሉ ሌላ ምን ያስቡ?

ሰንበት ላይ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ፣ ሁለቱ የሟች ወንዶች ልጆችና ወይዘሮ ዓለሚቱ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ቆሜ በአማርኛ ተናገርኩ፤ አቶ አንጁሎ ወደ ወላይትኛ ይመልሳሉ። እኔ «ንቄያቸው ቁምሳጥኑን ቆለፍኩባቸው» ስል እሳቸው «ሌባ ፈርታ ቆለፈች» ብለው መለሱ። «ሳልሰማቸው ቀረሁ» ስል «መንገዱ አድክሟት ነበር» አሉ። እየተረጎሙ እየሸፈኑኝ ነበር። አቋርጫቸው ራሴ በተሰባበረ ወላይትኛዬ ጀመርኩ። ሞደም የሚለውን ቃል ባላገኝለትም የሚተኛና የሚነቃ፣ ሲጠሩት የሚያኮርፍ ነገር ብዬ አስረዳሁ። ግሡን ሁሉ አበላሽቼ ሳይሆን አይቀርም፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በእጁ ሸፈነ። ሁለቱ ልጆች ተያዩና ትከሻቸው ወረደ። ለአሜኑ ስደርስ ወይዘሮ ዓለሚቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ሳቁና ሳቁ፤ መጨረሻው ለቅሶ ሆነ፤ ከዚያ ተመልሶ ሳቅ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜዬን ሳስበው፣ ብዙ ዕቃ ጠግኛለሁ፤ ዛሬ ሥራዬ ሌሎችን ማስተማር ነው። ሲስተር መሠረት ሄዳ ተምራ ተመልሳለች። አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ታሪክ ሽማግሌ አክብሩ የሚል ምክር ብቻ እንዳታወጡ፤ እሱን ከእኔ በፊት ታውቁታላችሁ። እኔን የለወጠኝ ሌላ ነው። ሰው አንድ ነገር ሲነግራችሁ የሚያስቃችሁን ቃል ይዛችሁ የቀረውን ትጥሉታላችሁ፤ የጣላችሁት ደግሞ የሰው ዕድል ሊሆን ይችላል፤ የሟች ስምም ሊሆን ይችላል። እኔ ሁለቱንም በሁለት ቀን ውስጥ ለጥቂት ሳላጠፋ ቀረሁ።

ያን ዕለት ሽማግሌዎቹ መርቀው ከተነሡ በኋላ ልሰናበት ወደ ወይዘሮ ዓለሚቱ ቀረብኩ። የባለቤታቸውን ስም ስላጎደፍኩ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እጄን ይዘው አላለቀቁኝም። የመጀመሪያውን ሳምንት በንዴት እንዳልተኙ ነገሩኝ። በሁለተኛው ሳምንት ፊቴን እያስታወሱ የላሊሞን አፍንጫ ይፈልጉ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን፣ ሴት ልጅ ስላልወለዱ፣ ከመጣች በየት ክፍል ላሳድራት ብለው ማሰብ ጀምረው ነበር።

«አሁን የእሱ ልጅ አይደለሁም ብለሽ ዝም ብለሽ ልትሄጂ ነው?» አሉኝ።

አልሄድኩም። ያን ማታ እዚያው አደርኩ።